ለዚያች ለማትታረም ወዳጄ

እንደምን አለሽ? «አሁን ገና ትዝ አልኩህ?» ልትዪ ነው፤ በይው፣ ያምርብሻል። ጠፋሁ፣ ይቅር በይኝ። ሰበብ ብደረድር አንዱንም እንደማታምኚኝ ስለማውቅ ልለፈው። እኔ ደህና ነኝ፤ እናቴም ደህና ናት፤ ፀጉሬ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ስለማታዪው አትስቂብኝም ብዬ ነበር፤ ለካ ራሴው ነገርኩሽ።

የምጽፍልሽ ቸግሮኝ ነው። ብዕር ላነሳ ስል ደጋግሜ የተውኩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ «አካል ጉዳት» የሚል ቃል በተነሳ ቁጥር ብቻ ሰው ዓይነ ስውሯን አንቺን እንደሚፈልግሽ፣ ይህም እንዴት እንደሚያንገሸግሽሽ አውቃለሁ። እኔም ያው ሆኜ መጣሁ። ምን ላድርግ፣ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የወጣቶች የጥናት ቡድን አወያያለሁ። አብዛኞቹ አካል ጉዳት የሌለባቸው ናቸው። ከመካከላቸው መስማት የተሳነው ልጅ አለ፣ በጭላንጭል የምታይ ልጅ አለች፣ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው፣ እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት ያለበትና ንግግሩ ቀስ የሚል ጎረምሳም አለ (ሐሳቡ ግን ከሁላችንም ይቀድማል)። ክፍሉ ደረጃ የለውም፣ በሩ ሰፊ ነው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎቹም ሁለት ናቸው፤ አንድ ሰው ለብቻው ሲሠራ ቶሎ ስለሚደክም በየ20 ደቂቃው ገደማ ይቀያየራሉ። «ታዲያ ምን ጎደለህ?» ትዪኛለሽ።

ችግሩ ውይይቱ ሲሞቅ ነው የሚመጣው። አንዱ ጥያቄ ይጥላል፣ ሦስቱ ካንዱ አፍ አንዱ ይነጥቃል፣ አንዷ ቀልድ ጣል ታደርጋለች፣ ሳቅ ይሆናል። ትርጉሙ ለልጁ የሚደርሰው ጥቂት ሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ ሦስት ሰው ባንዴ ሲናገር ደግሞ አስተርጓሚው የማንን ይያዝ? ልጁ የሚለውን አዘጋጅቶ እጁን ሲያነሳ ወሬው ሌላ ቦታ ደርሷል። ስለዚህ ይተወዋል። ሲስቁ ይስቃል፣ «ገባህ?» ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል። ያቺን ነቅነቅታ ደግሞ በደንብ አውቃታለሁ፤ ያ የሒሳብ መምህራችን ሰሌዳውን እየደበደበ «ይሄ እዚህ ሲመጣ፣ ያኛው ወደዚያ ይሄዳል» ሲል ፊት ወንበር ላይ ሆነሽ እንደ ሊቅ የምትነቀንቂያት ናት። ከዚያ ስንወጣ ክንዴን ቆንጥጠሽ «ይሄ ማነው? ያኛውስ?»

ጥቂት ነገር አስተካክለናል። የሚናገር ሰው እጁን አንስቶ ስሙን ካልተናገረ አይጀምርም፤ አስተርጓሚው ወደ ማን እንደሚጠቁም ያውቃል፣ በደንብ የማታየውም ልጅ ማን እንደተናገረ ትለያለች። ስክሪኑ ላይ አዲስ ነገር ሲመጣ ዝም እንላለን፤ ልጁ ስክሪኑንና የአስተርጓሚውን እጅ ባንድ ጊዜ ሊያይ አይችልማ። አስተርጓሚው መስኮት ጀርባ ሰጥቶ አይቆምም፤ ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ ፊቱ ይጨልማል፣ የምልክት ቋንቋ ሰዋስው ደግሞ እጅ ላይ ብቻ ሳይሆን ፊትም ላይ ነው። የሚነበበውን ቀድመን እንልካለን፤ ፎቶ የተነሳ ገጽ በፒዲኤፍ ተጠቅልሎ ሳይሆን ስክሪን ሪደር (ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም) የሚያነበው ጽሑፍ ሆኖ። በዚህ ጉዳይ ያጠራቀምሽውን ስድብ ሁሉ በስምሽ ለአዘጋጆቹ አድርሻለሁ።

አንድ ቀን ውይይቱን በሙሉ በስልክ፣ በጽሑፍ አደረግነው። ምነው በነበርሽ! ልጁ ተከራከረ፣ ተረበ፣ የቡድናችንን አፈ ጮሌ መልስ አሳጣት። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ፈነደቅሁ። ኋላ ሳስተውል ግን መልእክቱ እየተግተለተለ ሲመጣ ያ ጎረምሳ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ሳይጨርስ ሌሎቹ ጥለውት ሄደዋል፤ ጭላንጭል የምታየዋም ፊደሉን አግዝፋ ስታነብ ባንዴ የሚታያት ሁለት ሦስት ቃል ነው። ለአንዱ ያቃናነው ለሌላው ጠመመ። አሁን ሁለቱን ቀላቅለነዋል፤ ጥያቄው ይነገራል፣ ሁሉም ዝም ብሎ ያስባል ወይም ይጽፋል፣ ከዚያ ተራ በተራ ይናገራል። የጎረምሳውንም ዓረፍተ ነገር ማንም አይጨርስለትም። ያዘግማል። እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ያዘግማል።

እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው። በቀደም አፈ ጮሌዋ «በነሱ ምክንያት ሁላችንም ወደ ኋላ ቀረን፤ ፈተናው እኛን አይጠብቅም» አለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። አስተርጓሚዋም ሥራዋ ነውና አንድ ቃል ሳትጥል ለልጁ አደረሰችለት። ይቺ እንኳ አልዘገየችበትም። ምንም አልመለሰም። ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

አዘጋጆቹ «ለብቻቸው ቡድን ይሁንላቸው፣ እነሱም ይመቻቸዋል» ይላሉ። እኔ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀውን የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ይዤ ተሟገትኩ። አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ሲደነግግ የእኩዮችን መደጋገፍ በጣት ከሚነበበው ብሬል ጋር እኩል እንደሚያነሳ ሁሉ ነገርኳቸው። ሰሙኝ፤ እነሱም ነቀነቁ።

ለእነሱ ያልነገርኩትን ላንቺ ልንገርሽ። እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡት አስተማሪዎች፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ሰሚዎች፣ ከምልክት ይልቅ በአፍ መናገር ይቅደም ብለው ሲወስኑ ምክንያታቸው ልጆቹን ወደ ማኅበረሰቡ መመለስ ነበር። ውሳኔው በይፋ ውድቅ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው። ታዲያ ልጁ የራሱ ቋንቋ ካላቸው ልጆች ጋር ቢሆን አስተርጓሚም መዘግየትም አይኖርበት፤ እኔ «አካቶ፣ ሁሉም አብሮ ይማር» እያልኩ ወደዚያ ክፍል የምጎትተው ለእሱ ብዬ ነው ወይስ ለእኔ ደስ እንዲለኝ? ወይስ ምልክት የሚያውቅ ሌላ ልጅ ተጨምሮለት ብቸኝነቱ ቢቀንስ ይበቃል?

አሁን የብሬልን ጽሕፈት የፈለሰፈውን ሉዊ ብሬልን ልታመጪብኝ ነው። አውቀዋለሁ፤ የፓሪሱ ትምህርት ቤት ጽሕፈቱን በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1854፣ ሰውየው ከሞተ ከ2 ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ያቆዩት ተማሪዎቹ ናቸው። «ልጁን ጠይቀው» ማለትሽ ነው። ልጠይቀው እችላለሁ። ነገር ግን ሰሚው እኔ፣ የቡድኑ አለቃ ተብዬው፣ በአስተርጓሚ በኩል ስጠይቀው «ምንም አይደል» ብሎ በጨዋ ደንብ ያሰናብተኛል ብዬ እፈራለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ፤ አንድ ቅዳሜ ነይና አወያዪልኝ። «ብርታቷን እዩ» ተብሎ እንዲጨበጨብልሽ አይደለም፤ የሚያጨበጭብ ከተገኘ እኔው አስወጣዋለሁ። እኔ ሳወያይ ፈጣኖቹ ዓይኔን ይይዙና በጥቅሻ ተራ ይነጥቃሉ። አንቺን በምን ይጠቅሱሻል? ስሙን የማይናገር ተራ አያገኝም፤ «ይሄ» እና «ያኛው» የሚል ደግሞ ወዮለት። አበል አስይዤልሻለሁ፤ ለአካል ጉዳተኛ ባለሙያ ሲሆን ምስጋና ይበቃል የሚባለውን ነገር አንቺው ነሽ ያስጠላሽኝ። ልጅቷን ብቻ አትገነጣጥያት፤ ስለ ፈተናው የተናገረችው ሐሰት አይደለም።

ቀኑን አንቺ ቁረጪ። እስከዚያ ግን ለልጁ ልጽፍለት እጀምርና እሰርዛለሁ። «ናፍቀኸናል» ብለው ሽንገላ ይመስላል፤ አፈ ጮሌዋ ራሷ ትጻፍለት ብል ደግሞ ያስገደድኳት ይመስላል። ምን ይሻላል? ሌላውን ሁሉ ተዪውና ይቺን ብቻ ዛሬ ማታ መልሺልኝ።