ሾክ አልባዋ ሲጂ

ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? እቤት ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ አለሁ፣ ዓለም ገና፣ እዚያው ግቢ። ድምፅህን ሳልሰማ ይህን ያህል መቆየቴ ከብዶኛል። የምነግርህ ብዙ ነው፣ ግን የሁለታችንም ነገር ስለሆነች ከሲጂዋ ሞተር ሳይክል ልጀምር።

አልሸጥኳትም። ሁለቱን የኋላ ሾክ አብዞርበሮችና ስዊንግ አርሙን፣ የኋላ ጎማውን ይዞ ከፍ ዝቅ የሚለውን ክንድ፣ አውጥቼ ጀርባዋን ድርቅ ያለ፣ የማይወዛወዝ ፍሬም እያደረግኩላት ነው። ድሮ አብዛኛው ሞተር እንዲህ ነበር እኮ፤ ሃርሊ ዴቪድሰን እንኳ ለትልልቆቹ ሞተሮቹ የኋላ ሾክ የገጠመው በፈረንጅ 1958 ነው። ከታንኩ ሥር ተነስቶ የኋላ ጎማ አክስል ድረስ አንድ ወጥ መስመር ሲወርድ ብታየው፣ በቃ፣ ዓይንህን አትነቅልም።

ሰው ከባዱ መቁረጡ ይመስለዋል። ግራይንደር ያለው ሁሉ ይቆርጣል። ጭንቁ ልኩ ነው። ወፍራም ላሜራ በውሃ ልክ አስተካክዬ፣ ፍሬሙን ሞተሩ እንደታሰረበት እላዩ ላይ በብረት አሰርኩት። ከመሪው አንገት እስከ ኋላ ጎማ መሐል ክር ወጠርኩ፣ ቱንቢም ጣልኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ከተዛባ ጎማው ገደድ ብሎ ይሄዳል፣ ሰንሰለቱም ስፕሮኬቱን፣ የሚዞርበትን ጥርሳም ብረት፣ ይበላዋል። ከፍታውን ደግሞ ሰው ሲቀመጥባት ሾኩ የሚወርደውን ያህል ዝቅ አድርጌ ነው የያዝኩት። ከዚያ በላይ ብታወርዳት የፊት ሹካው ወደፊት ይጋደምና መሪው ይከብዳል።

ቱቦው ስፌት የሌለው ነው፣ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር። አንዱ በያጅ በውሃ ቧንቧ እንሥራው ቢለኝ አይሆንም አልኩት፤ በሰው ወገብ አይቀለድም! መጋጠሚያዎቹ ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ ድፍን ብረት ቶርኖ ቤት አስወጣሁ። የላይኛውን ቱቦ በስተህ በቀዳዳው በኩል ከውስጡ ብረት ጋር ትበይደዋለህ፣ ከዚያ ዙሪያውን። እንዲህ ሲሆን ጭነቱን ብየዳው ብቻውን አይሸከምም።

ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ የኋላ ፍሬኑ ሳህን እንዳይዞር የምትይዘው ዘንግ ናት። ማሰሪያዋ ስዊንግ አርሙ ላይ ስለነበረ አብሮ ወጥቷል። አዲሱ ፍሬም ላይ ጠንካራ ማሰሪያ ካልተሠራላት፣ ፍሬን ስትይዝ ሳህኑ አብሮ ይዞርና ጎማው ሊቆልፍ ይችላል። እሷን ሳላስር ከግቢ አላስወጣትም።

ለእኛ ሰፈር ኮብልስቶን እንደማትሆን አውቃለሁ። ሞላ (ስፕሪንግ) ያለው ወንበር እገጥምላታለሁ፣ ግን ያም ቢሆን ለአስፋልት ናት፣ ለእሁድ ጠዋት፣ መኪና ሳይበዛ።

አሁን ሁሉም ነገር በነጥብ ብየዳ ብቻ ተይዟል። የመጨረሻውን ብየዳ ግን ለማንም አልሰጥም፤ የአንተን እጅ ነው የምፈልገው። አንድ ጎን ላይ ጥቂት፣ ሌላው ጎን ላይ ጥቂት እያልክ፣ ብረቱ እንዳይጣመም ታግሠህ ስትበይድ አይቼሃለሁ። እዚህ ደግሞ ትኩሱ ብየዳ ላይ ውሃ ካልደፋሁ የሚል ነው የበዛው።

ከቡታጅራ ስትመጣ መገንጠያው ላይ ውረድ፣ እቀበልሃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መብራት ብዙም አይጠፋም። 7018 የሚባለው የብየዳ ኤሌክትሮድ ካለህ ይዘህ ና፣ ክረምት ስለሆነ እርጥበት እንዳያገኘው በደንብ ጠቅልለው።