ወገቤ ሲከዳኝ ላልከዳችሁኝ ሁሉ

ከሁሉ በፊት ፈጣሪ ይመስገን። ዛሬ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ራሴ አስሬአለሁ። የወገብ ህመም ያልደረሰበት ሰው «ይሄ ምኑ ያስመሰግናል?» ይል ይሆናል። የደረሰበት ግን ይገባዋል። ካልሲ ማጥለቅ፣ ከአልጋ መውረድ፣ ማስነጠስ እንኳ የሚያስፈራበት ጊዜ አለ። እኔ በዚያ ውስጥ ብዙ ቆይቻለሁ። የወጣሁት ግን ብቻዬን ስላልሆነ ምስጋናዬም በአደባባይ ይሁን ብያለሁ።

ዶክተር፣ ከእርስዎ ልጀምር። የአከርካሪዬን ምስል አይተው ዲስኩ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ለስላሳ ትራስ፣ ትንሽ ወጣ ማለቱን ነገሩኝ፤ ግን አላስደነገጡኝም። ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎችም ምስሉን ቢነሱ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚታይባቸው አስረዱኝ። ጉልበቴን በመዶሻዋ ነካ አደረጉ፣ በእግሬ ጣቶች እጅዎን እንድገፋ አዘዙኝ፣ ሽንት መቆጣጠር አቅቶኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። አደገኛ ምልክት እንደሌለ ካረጋገጡ በኋላ ነው ተነስተህ ተንቀሳቀስ ያሉኝ። እኔ ደግሞ ወገብ ሲታመም መተኛት ነው የሚባለውን ሰምቼ ያደግኩ ሰው ነኝ። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ህመም ከመድኃኒት በፊት እንዲሞከሩ ከመከራቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ መሆኑን የሰማሁት ከእርስዎ ነው። እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አንቺ ደግሞ የዮጋ አስተማሪዬ፣ ስለ አንቺ በአጭሩ መጻፍ አልችልም።

ገና ምንጣፍ ላይ ሳልወጣ የጠየቅሽኝ ጥያቄ ትዝ ይለኛል። ደም ግፊት አለብህ? ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም? የአጥንት መሳሳት? ያኔ ጥያቄው የበዛ መስሎኝ ነበር። ጭንቅላት ወደ ታች የሚወርድባቸው አቋሞች የዓይንን ግፊት እንደሚጨምሩ፣ አጥንቱ ለሳሳ ሰው ወደ ፊት በኃይል መታጠፍ አከርካሪውን ሊጎዳ እንደሚችል የገባኝ ኋላ ነው። እንደዚህ የሚጠይቅ አስተማሪ ያገኘ ሰው እድለኛ ነው።

መጀመሪያ ያሠራሽኝ ድመትና ላም የሚባለውን ነው። በእጄና በጉልበቴ ተደግፌ፣ አየር ሳስወጣ ጀርባዬን ወደ ላይ ማጉበጥ፣ ሳስገባ ቀስ ብሎ ወደ ታች መልቀቅ። ሌላ ምንም የለም። መዳፍሽን ከወገቤ ትንሽ ከፍ አድርገሽ አስቀመጥሽና «እስኪ እዚህ ጋ ተንፍስ» አልሽኝ። ለካ ህመሙን ፈርቼ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምንቀሳቀሰው! ትከሻዬ እስከ ጆሮዬ ተሰቅሎ፣ ሆዴ ደርቆ። ያን ቀን ህመሙ አልጠፋም። ወገቤ ግን ሳይሰበር መንቀሳቀስ እንደሚችል አየሁ፤ ለእኔ ያ ትልቅ ነገር ነበር።

ወደ ፊት መታጠፍ ላይ ስንደርስም እግርህን ወጥር ብለሽ አላስጨነቅሽኝም። ጉልበትህን እጠፍ አልሽኝ። ከጭናችን በስተኋላ ያሉት ጡንቻዎች ላይኛው ጫፋቸው ከምንቀመጥበት አጥንት ጋር የተያያዘ ነው። እነሱ ሲጠብቁ ዳሌ እንደ ልቡ አይታጠፍም፤ ስለዚህ ጎንበስ ስንል ወገብ የእሱንም ድርሻ ይሸከማል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ይህን ማወቅ ብቻውን ግማሽ እፎይታ ነው። ጡንቻዎቹ እየለቀቁ፣ የሆዴና የጀርባዬ እየጠነከሩ ሲሄዱ ማስታገሻውን ከሐኪሜ ጋር ተመካክሬ ቀነስኩ።

ስለ ትንፋሹም ላመስግንሽ። አየር የምናስወጣበት ጊዜ ከምናስገባበት ሲረዝም ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብን ምት ያቀዘቅዘዋል። ሌሊት ህመም ሲቀሰቅሰኝ እየተገላበጥኩ ማንጋት ነበር ልማዴ። አሁን በጎኔ ተኝቼ፣ ጉልበቶቼ መሃል ትራስ አድርጌ፣ ረጅም ረጅም እተነፍሳለሁ። አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ከሁሉ በላይ የማከብርሽ ግን ዮጋ ሁሉን ይፈውሳል ብለሽ ስላላታለልሽኝ ነው። ዝግ ያለ ዮጋ ብቻውን ልብን በቂ ሥራ እንደማያሠራ ነግረሽ ፈጠን ብዬ እንድራመድ የገፋፋሽኝ አንቺው ነሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው የሚመክረው። ወገቤ አሁንም አንዳንድ ጠዋት ይይዘኛል። ግን ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ አልደነግጥም።

አብራችሁኝ ለምትሠሩት ሁሉ፣ በተለይ ወንበር ይዘው ለሚሠሩት እናታችን፦ እማማ፣ በአንድ እግር የሚቆምበት የዛፍ አቋም ላይ አንድ እጅዎን ወንበሩ ላይ አድርገው፣ ቁርጭምጭሚትዎ እየተንቀጠቀጠ አልወርድም ሲሉ ነው ተስፋ መቁረጥ ያፈርኩት። ያ መንቀጥቀጥ ሚዛን የሚጠብቁት ትናንሽ ጡንቻዎች ሥራ ላይ መሆናቸው ነው። እድሜያቸው 65 ያለፈ ሰዎች ሚዛንና ጥንካሬ ላይ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ እንዲሠሩ ይመከራል፤ መውደቅን ይቀንሳልና። እርስዎ ይህን ማንም ሳይነግርዎት ነው የጀመሩት። እግዜር ያቆይልን።

ይህን ጥበብ ከትውልድ ትውልድ ጠብቀው ያቆዩት ህንዳውያንም ምስጋና ይገባቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጁን 21ን የዮጋ ቀን አድርጎ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በ2016 ደግሞ ዩኔስኮ ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ሲያንስ ነው እላለሁ።

ባለቤቴ፣ የኔ ውድ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ቤቱን በትከሻሽ ተሸክመሽ ፊትሽ ሳይጠቁር ቆየሽ። ልጆቼ፣ አባዬ አሞታል ብላችሁ ጨዋታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ነበር። አሁን እንደፈለጋችሁ ጩኹ። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ስብሰባ ላይ ቆሜ ስከታተል እንግዳ ነገር አላደረጋችሁብኝም፤ ዕቃ ሳነሳም ቀድማችሁ ትቀበሉኝ ነበር። ደውላችሁ የጠየቃችሁኝ፣ በጸሎት ያሰባችሁኝ ሁሉ፣ ክፉ አይንካችሁ። ብድራችሁን ለመመለስ ያብቃኝ።