ኮምፒውተር ለማጽዳት ስትመጡ ፍላሾቻችሁንም እንድታመጡ ስለ መጠየቃችን

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከቫይረስ ጸድቶ የወጣ ኮምፒውተር ጥቂት ቀናት ሳይቆይ በዚያው ቫይረስ ተይዞ ሲመለስ፣ ባለቤቱ «መጀመሪያውኑ በደንብ አልጸዳም ነበር ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቀናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኛንም የራሳችንን ሥራ ደግመን እንድንፈትሽ አስገድዶናል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ቫይረሱ ተመልሶ የሚገባው በቦርሳ ወይም በመሳቢያ ውስጥ ተረስቶ በቀረ ፍላሽ አማካይነት ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ ከእንግዲህ ኮምፒውተር ስንረከብ ፍላሾችንና ውጫዊ ሃርድ ዲስኮችን አብራችሁ እንድታመጡ እንጠይቃለን፤ ምክንያቱንም በዚህ ደብዳቤ ዘርዘር አድርገን እናስረዳለን።

በተለምዶ «የሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው ዓይነት ነገሩን በደንብ ያሳያል፤ ሾርትከት ማለት ወደ ሌላ ፋይል ወይም ፎልደር የሚመራ አቋራጭ ምልክት ነው። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ በቦታቸው ያሉ ይመስላሉ፤ ልብ ብሎ ላየ ግን በእያንዳንዱ ምልክት ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አለች። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ በስማቸው ሾርትከት ተክቶባቸዋል፤ ተጠቃሚው አንዱን ሲጫን ሾርትከቱ አስቀድሞ ቫይረሱን ያስነሣል፣ ወዲያውም የተፈለገውን ፎልደር ይከፍታል። ሰነዱ ስለተከፈተ ማንም አይጠረጥርም። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ የሚሰካበትን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል፣ የተበከለው ፍላሽም በተራው ወደ ቢሮና ወደ ቤት ይዞት ይሄዳል።

ብዙዎች ፋይላቸው የጠፋ መስሏቸው ፍላሹን ፎርማት የሚያደርጉት፣ ማለትም ያለበትን ሁሉ የሚያጠፉት፣ በዚህ ጊዜ ነው። እባካችሁ አትቸኩሉ፤ ፋይሎቹ በአብዛኛው እዚያው ተደብቀው ይገኛሉ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን፣ ቀጥሎ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ማስፈተሽ፣ ከዚያ ዊንዶውስ የተደበቁ ፋይሎችንና የሲስተም ፋይሎችን እንዲያሳይ አድርጎ ሰነዶቹን መገልበጥ ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሳይጸዳ ፍላሹ ከጸዳ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲሰካ እንደገና መበከሉ አይቀርም።

ኮምፒውተሩን ራሳችሁ ለማጽዳት የምትሞክሩ ከሆነ በቅድሚያ ከኢንተርኔትና ከቢሮው ኔትወርክ አላቅቁት። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ አብሮ የሚመጣው ማይክሮሶፍት ዲፌንደር «ኦፍላይን ስካን» የሚባል የፍተሻ አማራጭ አለው፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ በማስነሣት ዊንዶውስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይፈትሻል፣ የሚፈጀውም 15 ደቂቃ ያህል ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ቫይረሱ ገና ስላልተነሣ ራሱን መደበቅም ሆነ አንቲቫይረሱን ማሰናከል ያስቸግረዋል። ሁለት አንቲቫይረሶችን ጎን ለጎን መጫን ግን ጥበቃውን እጥፍ አያደርገውም፤ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፣ ኮምፒውተሩንም ያዘገዩታል። በነገራችን ላይ የዘገየ ኮምፒውተር ሁሉ ቫይረስ አለበት ማለት አይደለም፤ ሃርድ ዲስኩ ደክሞ ወይም ሞልቶ ሊሆን ይችላል።

ቫይረሱ ከመጥፋቱ በፊት የይለፍ ቃላችሁን ወስዶ ሊሆን ስለሚችል፣ የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃሎችን ንጹሕ መሆኑ ከተረጋገጠ ሌላ መሣሪያ ላይ መቀየር ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ መቅረት ሌባውን አስወጥቶ ቁልፉን እጁ ላይ እንደ መተው ነው።

ከፍላሽ ቀጥሎ ደጋግመን የምናገኘው መግቢያ በክራክ፣ ማለትም የሚሸጥን ሶፍትዌር ሳይከፈልበት በሚያስከፍት ፕሮግራም፣ የሚከፈት ሶፍትዌር ነው። ክራኩ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ «አንቲቫይረሱን ለጊዜው አጥፉ» ብሎ ያዛል፤ ይህን ትእዛዝ የፈጸመ ሰው በሩን በገዛ እጁ ከፍቷልና፣ ከዚያ በኋላ በአንቲቫይረሱ ላይ መፍረድ ተገቢ አይመስለንም።

የዊንዶውስ ማሻሻያዎችን (አፕዴቶችን) ማዘግየትም እንደዚሁ ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች የሚገኙ ኮምፒውተሮችን ሲያጠቃ፣ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሥራ ሳይቀር አስተጓጉሏል። ማይክሮሶፍት ግን ቫይረሱ የተጠቀመበትን ክፍተት የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች ነበር። አሁንም በዊንዶውስ 10 የምትሠሩ ደንበኞቻችን መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማብቃቱን እንድታውቁልን እንፈልጋለን፤ በተራዘመው የደኅንነት ማሻሻያ ፕሮግራም ያልተመዘገበ ኮምፒውተር ከዚያ ወዲህ ለሚገኙ ክፍተቶች መጠገኛ አይደርሰውም።

ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁትን ቫይረሶች በተመለከተ፣ እኛ የቆለፉትን ሁሉ መክፈት እንደማንችል በግልጽ መናገር አለብን። ገንዘቡን መክፈልም ፋይሉ እንደሚመለስ ዋስትና አይሆንም። የተቆለፉትን ፋይሎች ሳትደመስሱ አስቀምጡ፤ የአውሮፓ ፖሊስ (ዩሮፖል) እና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመሩት «ኖ ሞር ራንሰም» የተሰኘው ፕሮጀክት ለአንዳንዶቹ ዓይነቶች መክፈቻ በነጻ ይሰጣል። አስተማማኙ መፍትሔ ግን አስቀድሞ የተያዘ ቅጂ ነው። ቅጂው የተቀመጠበት ሃርድ ዲስክ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ አብሮ ይቆለፋልና፣ ገልብጣችሁ እንደጨረሳችሁ ንቀሉት።

ፍላሾቹን ስታመጡ በየትኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ እንደተሰኩ ብትነግሩን፣ ከአንድ ቢሮ የመጡ ከሆነም ሁሉንም በአንድ ቀን ብታደርሱልን ሥራውን ያቀልልናል። ሰነዶቻችሁን ከፍተን አናነብም፤ ፍተሻውም ከኢንተርኔት በተለየ ኮምፒውተር ላይ ይከናወናል።

ከሰላምታ ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ክፍል