«ሕመም» እና ዘመዶቹ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ የእኛ «ሕመም» እና የኦሮምኛው «ሀማ»፣ ክፉ ማለት ነው፣ ከአንድ ሥር መጡ ብለው ደምድመዋል። አዳማ መድኃኒት ቤት ውስጥ 30 ዓመት የቆምኩ ሰው ነኝና ቶሎ አላምንም። አማርኛ ሴማዊ፣ ኦሮምኛ ኩሻዊ ነው፤ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ነገር ግን ዝምድና በአንድ ቃል መመሳሰል አይመሰከርም፤ ድምፆቹ በብዙ ቃላት ላይ በሥርዓት መግጠም አለባቸው። ደግሞም ኦሮምኛ ተናጋሪ ደንበኞቼ ሕመማቸውን «ዹኩባ» ወይም «ዺቤ» ነው የሚሉት።

የ«ሕመም» የቅርብ ዘመዶች እንደ አማርኛ ሴማዊ በሆኑት ቋንቋዎች ውስጥ ናቸው። በግእዝ «ሐመ» ታመመ ማለት ነው፤ በዐረብኛ «ሑማ» ትኩሳት፣ በዕብራይስጥ «ሐም» ሙቅ። ግንባር በመዳፍ ዳብሶ በሽተኛ የሚለይ ሰው ያወጣው ስም ይመስለኛል።

ማክሰኞ ዕለት አንዲት እናት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው መጡ። «ልጄ፣ ጎኔን ይወጋኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል» አሉኝ። ከሸኘኋቸው በኋላ በባዶ ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፍኩ፦ ውጋት ከወጋ፣ ቁርጠት ከቆረጠ፣ ቁርጥማት ከቆረጠመ። የጦር ሜዳ ነው የሚመስለው!

ጸሐፊው ሌላ አራት አምስት ጥንድ ቃል ካላቸው ያምጡ፤ ባንኮኒዬ ላይ ዘርግቼ አነባለሁ።

የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከአዳማ