የታሪክ ክበብ፦ ዓመቱን ከባርሴሎና ካርታ ጋር

ዘንድሮ የታሪክ ክበባችን ታሪክ ጸሐፊዎች የካታሎኒያን (ዋና ከተማዋ ባርሴሎና የሆነችውን የስፔን ክልል) ብሔራዊ ማንነት እንዴት እንደቀረጹ ሲመረምር ከረመ። «የአገራችን ታሪክ ሞልቶ?» ላላችሁን፦ በአገራችን ታሪክ ላይ ሁሉም ተማሪ የቤቱን ወገን ይዞ ይመጣል። ምርመራ መለማመጃው ማንም የማይወግንበት ቦታ ቢሆን ይሻላል።

የኮሚቴ ምርጫውና ስብሰባው እንደወትሮው ነው። ዋናው ሥራ የባርሴሎናው የኤይሻምፕላ ሰፈር ካርታ ነበር። በአራት ኤ4 ወረቀት አትመን በፕላስተር አጋጠምነው፤ ጎዳናዎቹንም ቀለም ቀባን፦ ሰማያዊ ካታሎኒያ በጥንት ዘመን ለነበረችበት የአራጎን ዘውድ ግዛቶች (ቫሌንሲያ፣ ማዮርካ፣ ሲሲሊ)፣ አረንጓዴ ለጥንት ተቋማት፣ ቀይ ለሰዎች። ሠራዊቱ በ1714 ባርሴሎናን የያዘለት የስፔን ንጉሥ ፊሊፕ 5ኛ ያፈረሰው የመቶው ምክር ቤት (የከተማዋ የጥንት አስተዳደር) በ1860ዎቹ የጎዳና ስም ሆኖ ተመልሷል። ስሞቹን የመረጠው ቪክቶር ባላጌር ራሱ የካታሎኒያን ታሪክ የጻፈ ሰው ነው፤ ያውም በካታላንኛ ሳይሆን በስፓኒሽ!

ለእያንዳንዱ ስም ድርጊቱ የተፈጸመበትና የተጻፈበት ዓመት ይመዘገባል፤ ከዚያ መቀነስ ነው። የባርሴሎናው መስፍን ጸጉራሙ ጊፍሬ በ897 ሞተ። በቁስሉ ደም ጋሻው ላይ አራት ቀይ መስመር (የዛሬው የካታሎኒያ ሰንደቅ ምልክት) ተሰመረ የሚለው አፈ ታሪክ ግን በጽሑፍ የሚገኘው በ1551 ነው። 654 ዓመት!

ተማሪዎች የሚሳሳቱት ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሱ ነው። ሴፕቴምበር 11፣ የካታሎኖች ብሔራዊ በዓል፣ ዛሬ ከእንቁጣጣሽ ጋር ስለሚገጥም ባርሴሎና የወደቀችበትንም ቀን «መስከረም 1» ይሉታል። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት ያኔ በሁለት ቀን ያንስ ስለነበር ትክክሉ መስከረም 3 ቀን 1707 ነው። (ሌሎቹ ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀዩን እርሳስ የያዘችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በ1714 የባርሴሎናን መከላከል ከመሩት አንዱ የሆነው ራፋኤል ካዛኖቫ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሐውልቱ ቆስሎ ሰንደቁን እንደያዘ ያሳየዋል፤ ሰውየው ግን ከቁስሉ ድኖ፣ ወደ ጥብቅና ሥራው ተመልሶ፣ በ1743 ነው የሞተው። ሐውልቱ የቆመበትን ዓመት ፈልጋ 1888 አገኘች። «ታዲያ ይሄ ሐውልት የሚነግረን ስለ 1714 ነው ወይስ ስለ 1888?» ብላ ጠየቀች። ክርክሩ ደወል ከተደወለ በኋላም ቀጠለ። ክበቡ ትርፍ ሰዓት ማባከኛ ነው የሚሉ ያን ቀን ቢገኙ ደስ ባለኝ።

ሐውልቱ በ1939 በአምባገነኑ ፍራንኮ ዘመን ተነሥቶ በ1977 መመለሱንም መዝግበናል። ሮማንቲክ ታሪክን (ያለፈውን በጀግንነት አስውቦ የሚተርከውን) በቤተ መዛግብት ሰነድ የሞገተው ታሪክ ጸሐፊ ጃውሜ ቪሴንስ ቪቬስ ግን ሳይነካ ቀረ፤ ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት በፈተናና በመብራት መጥፋት ተበላ። ካርታውም በእጥፋቱ ተቀዷል።

ለመጪው ዓመት የምንለምነው በአንድ ወረቀት የታተመ ትልቅ ካርታ፣ ሁለት ፓኬት ባለቀለም እርሳስና የኮምፒውተር ክፍሉን በሳምንት አንድ ከሰዓት ነው። ለስፖርት ማልያ የሚገኝ ገንዘብ ለካርታ አይጠፋም ብለን እናምናለን።