የፊዚክስ ክበብ፦ እንከን ስንፈልግ የከረምንበት ዓመት

ዘንድሮም እንደተለመደው በጥቂት አባላት ጀመርን። ሚኒ ሚዲያና ስፖርት ክበብ እያለ ማን ወደ ፊዚክስ ይመጣል? ቱሉ ዲምቱ ላይ ደግሞ የታክሲ ሰልፍ ሳይረዝም ለመድረስ የሚሮጠው ብዙ ነው። የቀሩት ግን ጠንካሮች ናቸው።

የዓመቱን ሥራ የወሰኑልን ሁለት ድንጋዮች ናቸው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከአክስቷ ለምና ሁለት የወሎ ኦፓሎች አመጣች። አገራቸው ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ነው፤ የዚያ ቦታ ኦፓል ገበያ ላይ ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ነው። አንደኛው ወደ መስኮት ሲዞር አረንጓዴና ቀይ ይረጫል። ሌላው ወተት መስሎ ቁጭ ብሏል። አክስትየዋ ስለ ሁለተኛው “ይሄን ብትጥሉትም ግድ የለኝም” ብለዋል አሉ። ሁለቱም ግን ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልሱ አደራደሩ ላይ ነው። ቀለም የሚረጨው ኦፓል ውስጥ ከ150 እስከ 300 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የሚሆኑ እኩል ድቡልቡል ቅንጣቶች በሥርዓት ተደርድረዋል። ከየድርድሩ የሚመለሱት የብርሃን ሞገዶች ሲገጥሙ አንድ ቀለም ይጎላል። ቅንጣቱ ተለቅ ሲል ቀይ ይመጣል፤ አነስ ሲል ሰማያዊ ብቻ። ወተት የመሰለው ድንጋይ ውስጥ ግን መጠኑም አደራደሩም የተዘበራረቀ ነው፤ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበተናል።

በሥርዓት ተደርድሮ ብርሃንን እንዲህ የሚመልስ ነገር ፎቶኒክ ክሪስታል ይባላል። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ኤሊ ያብሎኖቪች እና ሳጂቭ ጆን እ.ኤ.አ. በ1987 ለየብቻቸው ባወጡት ሥራ ነው ዘርፉ የተነሣው። ርካሹ አሠራር ቅንጣቶቹን ውሃ ውስጥ በትኖ ውሃው ቀስ ብሎ እንዲደርቅ መተው ነው። ራሳቸው ይደረደራሉ። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው፤ ተቆጣጣሪ የለማ!

ይህን በዓይን ለማየት በትሪ የሳሙና ውሃ አቀረብን። የተነፋ ፊኛ ከጉሉኮስ ቱቦ ጋር አሰርን፤ የቱቦው ጫፍ ላይ ቀጭን መርፌ አለ። መርፌው በአንድ ጥልቀት ከቆየ እኩል አረፋዎች ይወጣሉ፣ ተጠጋግተውም ይደረደራሉ። የያዘው ልጅ እጁ ከተንቀጠቀጠ አለቀ። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ላውረንስ ብራግ እና ጆን ናይ እ.ኤ.አ. በ1947 የብረትን የውስጥ እንከን ያሳዩት በዚህ ዓይነት አረፋ ነው። እኛም እንከኑን በሽ በሽ አገኘን፦ አረፋ የጎደለበት ባዶ ቦታ፣ መሀል ላይ የሚቋረጥ ረድፍ፣ አቅጣጫቸው የማይገጥም ሁለት ሰፈሮች የሚገናኙበት ድንበር። እንዲህ ያለው ነገር ፎቶኒክ ክሪስታል ውስጥ ሲገባ ብርሃን ከመንገዱ ይወጣል። የሚመለሰው ቀለም ይደበዝዛል፣ ነጣ ይላል። ሲደርቅ የሚፈጠረው ስንጥቅም የራሱን ድርሻ ይጨምራል።

የቅንጣቶቹን አደራረብ ለማየት ደግሞ ብይ ደረደርን፤ ከሁሉም ያከራከረን ይህ ነው። ሁለት ንብርብር ብይ ከደረደርን በኋላ ሦስተኛው ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ልክ ከመጀመሪያው በላይ ይቀመጣል፣ ወይ ሌላኛው ጎድጓዳ ላይ። ለቅንጣቶቹ በሁለቱ መካከል ያለው የኃይል ልዩነት እጅግ ትንሽ ስለሆነ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን ይይዛሉ። ልጆቹ ቀለሙ ሁሉ ይጠፋል ብለው ገመቱ። አይጠፋም! በንብርብሮቹ መካከል ያለው ርቀት ስላልተለወጠ፣ ከላይ ቀጥ ብሎ ለሚያይ ዋናው ቀለም እንዳለ ነው ማለት ይቻላል። የሚጎዳው በጎን የሚታየውና በአጭር የሞገድ ርዝመት የሚመጣው ነው። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ክርክር ይህ ነበር።

አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ “እንከኑን እኛ ብንመርጠውስ?” አለ። ይህን የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ሥርዓት ባለው ክሪስታል ውስጥ ሆን ተብሎ አንድ ቦታ ሲዛባ፣ ዙሪያው የማያሳልፈው ብርሃን እዚያ ይያዛል። በረድፍ ሲዛባ መንገድ ይሆነዋል። በክፍት ቀዳዳ ውስጥ ብርሃን የሚመሩ የመስታወት ክሮችም በዚሁ ሐሳብ ይሠራሉ። ራሱን በራሱ የሚደረድር ክሪስታል ላይ ግን እንከኑን የፈለጉት ቦታ ማስቀመጥ ከባድ ነው፤ ያልፈለጉት እንከን ከየት መጣ ሳይባል ይቀድማል።

በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ላይ የአረፋው ትሪ ብዙ ተመልካች ነበረው። ትንንሾቹ ሊነኩት ሲመጡ መከላከሉ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖብን ነበር።

የእኛ ማይክሮስኮፕ ቅንጣቶቹን ለይቶ አያሳይም። ስለዚህ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያለበት ቦታ እንዲያስጎበኙን ደብዳቤ ጽፈናል። አክስትየዋም ወተት የመሰለውን ድንጋይ ይዘነው እንድንሄድ ፈቅደዋል። ሌላኛውን እንኳ መልሱ ብለዋል።