ሽቦ ፈልጌ ነው የጻፍኩልሽ

እህትዓለም፣

«ጤና ይስጥልኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ለማላውቀው ሰው የምጽፍ መሰለኝና ተውኩት። ጠፍቻለሁ፣ አውቃለሁ። አረፋ አለፈ፣ መውሊድ አለፈ፣ ደወልሽ፣ አላነሳሁም። ገንፎሽን እንኳ ሳልቀምስ ቀረሁ። ምክንያት ብደረድር ትስቂብኛለሽ። አውፍ በይኝ፣ በቃ።

እውነቱን ልንገርሽ? ሽቦ ፈልጌ ነው። አትሳቂ! ባልሽ ሱቅ ውስጥ ግንበኞች ብረት የሚያስሩበት ጥቁር ሽቦ አለ አይደል? ከሱ ወፈር ያለ፣ በፒንሳ ሲታጠፍ የማይሰበር። አምስት ሜትር ይበቃኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህራን ለሥልጠና ደሴ ሊመጡ ነው። የፕሮቲን ቅርጽ ኮምፒውተር ላይ እንዴት እንደሚታይ የማሳያቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ስም ዝርዝሩ ላይ ማንን እንዳየሁ ብነግርሽ አታምኚኝም። እነዚያ ጠመኔ ሲወረውሩብሽ የነበሩት መምህራችን! ሆዴ ተላወሰ። ፕሮቲንን ሰሌዳ ላይ ክብ በክብ ደርድረው «ይኸው ሰንሰለት» ብለውን የወጡት እሳቸው አይደሉ? ሰንሰለቱ ተጠማዞ የት እንደሚደርስ ማን ነገረን። አሁን እኔ ልነግራቸው ነው። ወላሂ እፈራለሁ።

የመረጥኩት ላይሶዛይም የሚባለውን ፕሮቲን ነው፤ የእንቁላል ነጩ ውስጥ ያለውን። እንባም ውስጥ ዘመድ አለው፤ አንቺ ፊልም ባየሽ ቁጥር ስታፈሺው የኖርሽው ማለት ነው። ከኤንዛይሞች (ኬሚካላዊ ለውጥን ከሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች) ሁሉ ቀድሞ ቅርጹ የታወቀው እሱ ነው፤ በ1965 እ.ኤ.አ.፣ ለንደን፣ በዴቪድ ፊሊፕስና በባልደረቦቹ። 129 አሚኖ አሲድ፣ ማለትም 129 የሰንሰለት ቀለበት ነው፤ ሃይድሮጅን ሳይቆጠር ወደ 1000 አተም። የአተሞቹ ቦታ የተጻፈበትን ፋይል ፓይሞል በሚባለው ፕሮግራም ላይ ስትከፍቺው መስመር በመስመር ላይ ይደራረብና ምኑም አይጨበጥም። ስለዚህ ከየአሚኖ አሲዱ ወደ ጎን የሚወጡትን የጎን ሰንሰለቶች ደብቀሽ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያያይዘውን የጀርባ አጥንት ብቻ ታስቀሪያለሽ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ከላይ ሆነሽ እያየሽ፣ መኪኖቹን ሁሉ አንስተሽ አስፋልቱን ብቻ እንደማስቀረት በዪው። የት እንደሚታጠፍ፣ የት ዞሮ እንደሚመለስ ያኔ ይለያል።

ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው። አብሮኝ የሚያስተምረው ልጅ «ካርቱን» ከሚባለው አሳሳል ሌላ ማየት አይፈልግም። ሄሊክሱ (እንደ ጥቅልል የሚዞረው ክፍል) ተጠምዝዞ፣ ቤታው (ተዘርግቶ የሚሄደው ክፍል) ቀስት ሆኖ፣ ከሰማያዊ እስከ ቀይ ተቀብቶ... ያምራል፣ አልካድኩም። ይህን አሳሳል ያስለመደችን ጄን ሪቻርድሰን ናት፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ሥዕሎቹን ያወጣቻቸው በእጇ ስላ ነው። የተማረችው ደግሞ ምን ይመስልሻል? ፍልስፍና! አንቺ ፍልስፍና ክፍል ውስጥ እንዴት እንደምታንቀላፊ ትዝ አለኝ።

ግን ካርቱን ነገር ያለሰልሳል። አልፋ ካርበን የሚባለው በየአሚኖ አሲዱ ውስጥ ያለው የጀርባ አጥንቱ ካርበን ነው፤ በሁለት ተከታታይ አልፋ ካርበኖች መካከል 3.8 አንግስትሮም ያህል አለ (አንድ አንግስትሮም የሚሊ ሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው)። ፕሮግራሙ እነሱን ነጥብ በነጥብ አያገናኝም፤ የሚያምር ኩርባ ያሰምርባቸዋል። ቤታው ላይማ ጠፍጣፋ ላድርገው ሲል ከትክክለኛው ቦታ ፈቀቅ ይላል። አንድ የጎን ሰንሰለት በስቲክ፣ ማለትም በዘንግ መልክ፣ አውጪና እዪው፤ ከካርቱኑ ሪባን ተነጥሎ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ታገኚዋለሽ። ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄ ተቆርጦ ነው?» ሲል ምን ትይዋለሽ?

የኔ ሐሳብ መጀመሪያ ደረቁን ማሳየት ነው። ከአልፋ ካርበን ወደ አልፋ ካርበን፣ ቀጥ ባለ መስመር። ራዝሞል በሚባለው ሌላ ፕሮግራም ላይ «ባክቦን» ብለሽ ስትጽፊ የሚወጣው እሱ ነው፤ ለኛ አሮጌ ኮምፒውተሮችም አይከብድም። ከዚያ ካርቱኑን እላዩ ላይ መደረብ። የቱ ልኩ፣ የቱ ጌጡ እንደሆነ ራሳቸው ይለያሉ። ልጁ «ታሰለቺያቸዋለሽ» ይለኛል። አንዳንዴ እውነቱን ይሆን እላለሁ።

በቀደም ደግሞ ተማሪዎች አንድ የድሮ ፋይል ከፍተው ጠሩኝ። ካርቱን ቢሉት ምንም የለም። ጥቁር ስክሪን፣ እላዩ ላይ የተበተኑ ትናንሽ የመደመር ምልክቶች ብቻ። ለካ ፋይሉ ውስጥ ያለው አልፋ ካርበን ብቻ ነው። ሁለት ካርበኖች ሲተሳሰሩ ርቀታቸው 1.5 አንግስትሮም አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በ3.8 የተራራቁትን ፓይሞል እንደተያያዙ አይቆጥራቸውም። «ካርቱን ትሬስ አተምስ» የምትባለውን ቅንብር 1 ስናደርጋት ሰንሰለቱ ብቅ! ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔም ሳላፍር አብሬ አጨበጨብኩ።

አሁን ወደ ሽቦሽ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባይረን ሩቢን የሚባል ሰው የጀርባ አጥንቱን ተከትሎ ሽቦ የሚታጠፍበት መሣሪያ ሠርቶ ነበር። በአንድ ስብሰባ ላይ ሁለት ሽቦዎች ተገናኙ። አንዱ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከለው ፕሮቲን፣ የኢሚዩኖግሎቡሊን ቁራጭ፤ ሌላው ያችው ሪቻርድሰን ከባሏ ጋር ያመጣችው ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚዩቴዝ የሚባል ኤንዛይም። ሥራቸው አይገናኝም፤ አሚኖ አሲዳቸውም እምብዛም አይመሳሰልም። ጎን ለጎን ይዘው ቢያዟዙሯቸው ግን አስተጣጠፋቸው አንድ ዓይነት! በእጅ ተይዞ የታየ ነገር ነው። መብራት ቢጠፋም ሽቦ አይጠፋም፤ እኔም ይህን አስቤ ነው።

አንድ አንግስትሮም በአንድ ሴንቲ ሜትር ብናደርገው፣ 128 መገናኛ በ3.8 ሲባዛ 486 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። አምስት ሜትር ያልኩሽ ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ሒሳብ ሠርታ ስልክ ማንሳት ያቃታት ምን ዓይነት ሰው ናት በይ፤ መብትሽ ነው።

ሌላም ነገር ነበር... ልተወው? እሺ፣ ልናገር። ሽቦውን ብቻዬን ማጠፍ አልፈልግም። እጅሽ ከእጄ ይሻላል፤ ደግሞም ሥልጠናው ላይ ኋላ ወንበር ላይ ብትቀመጪልኝ መምህራችንን ሳይሆን አንቺን እያየሁ አወራ ነበር። ሕፃኑንም ይዘሽው ነይ። ስሙን ከሰው ሰምቻለሁ፤ እንዳልሰማሁ ሆኜ ካንቺ ልስማው።

መምጣቱ ካልተመቸሽ ሽቦውን ለሚኒባስ ሹፌር ስጪልኝ፤ መናኸሪያ ቆሜ እቀበላለሁ። ባልሽ በነፃ ነው ካለ አልወስድም። ቅናሽ ግን አልጠላም።

ያንቺው ጠፊ

ሳልረሳው፦ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ቢሆን ጥሩ ነው። ፒንሳ አለኝ።